የክፍል ጓደኛዬ ኦቦ ጉርሙ

ሌሊሴ ሰኞ ጠዋት የደወለችልኝ ተማሪዎቼን ለዕረፍት አስወጥቼ ጠመኔ ከእጄ ሳራግፍ ነበር። "አባዬ አረፈ" አለችኝ። ከማስተምርበት ከወንጪ ወደ አምቦ የሚወርድ ሚኒባስ ጠብቄ፣ ከአምቦ ደግሞ ወደ ነቀምቴ በሚያልፍ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ባኮ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ፊቴን አይተው ኖሮ፣ "ልጄ፣ ማን ሞቶብህ ነው?" አሉኝ።

"የክፍል ጓደኛዬ" አልኳቸው።

"ውይ! ምነው በለጋነቱ!" ብለው ደረታቸውን መቱ።

ምን ብዬ ላስረዳቸው? የክፍል ጓደኛዬ ኦቦ ጉርሙ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነበር።

እኔ የአዲስ ዓለም ልጅ ነኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚያልፈው መንገድ ዳር ድንችና ሽንኩርት ሸጣ ነው ያሳደገችኝ። አባቴ የሞተው ገና ዳዴ ስል ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ንግግር ይይዘኛል፤ በተለይ ሰው በተሰበሰበበት ስሜን ስጠየቅ። ውጤቴ መጥቶ አምቦ ያለ መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ሲደርሰኝ የሰፈሬ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እናቴ ግን "ሙሴም አንደበቱ ከባድ ነበር" ብላ ፍራሼን ጠቅልላ አሳፈረችኝ። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን መምህሩ እየተነሳን ስማችንንና የመጣንበትን እንድንናገር አዘዘን። ስሜ ናትናኤል ነው። ተራዬ ሲደርስ ተነስቼ "ና..." አልኩ። ያዘኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ታገልኩ። "ና... ና... ና..."

ከኋላ አንድ ወንበር ተንቀጫቀጨ። ረጅም፣ ጺሙ ገብስማ የሆነ፣ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ተነስቶ በወንበሮቹ መሃል እየተሽሎከለከ መጣና አጠገቤ ቆመ።

"አቤት፣ መጣሁ" አለኝ። እየቀለደ አልነበረም።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔን ላብ አጠመቀኝ። አባቴ የሚሆን ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት "ና" ብዬ ጠርቻለሁ!

"ስ... ስሜ ነው" አልኩት።

"ምኑ?"

"ና... ናትናኤል።"

ትንሽ አሰበና ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ሳቀ። "በል እንግዲህ፣ እኔ አንዴ ከተነሳሁ ወገቤ መልሶ አያስቀምጠኝም፤ እዚሁ ነኝ" አለና አጠገቤ ዘጭ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ወንበር አልቀየረም።

አሁን "ነበሩ" ሳልል "ነበር" እያልኩ ሳወራ አንባቢ እንዳይታዘበኝ። ለእሱ አንቱታ እንደሚገባ አጥቼው አይደለም። የከለከለኝ ራሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት "እርስዎ" ስለው ወደ ኋላው ዞሮ ሰው ይፈልጋል። "አንተ" ማለት ደግሞ አንደበቴ እምቢ አለኝ። ስለዚህ መሃል መንገድ አበጀሁ፤ "ምሳ ተበላ?" እላለሁ፣ "ደብተር አለ?" እላለሁ። አንድ ቀን ሰለቸው።

"ይህ ልጅ የሚያወራው ከእኔ ጋር ነው ከግድግዳው ጋር?" አለ። "ስማ፣ ናትናኤል። አንቱ ተብሎ ፈተና የሚወድቅ ሰው ያሳፍራል። እኔ ደግሞ መውደቄ አይቀርም። አንተ በለኝና ስወድቅ ይቅለለኝ።"

እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ "አንተ ጉርሙ፣ ውኃ አቀብለኝ" ስለው ሰምታ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እሱ ነው የገላገለኝ። "ይተዉት እትዬ" አላት። "ትእዛዙ የእኔ ነው። ከግቢ ስንወጣ ደግሞ ገርፈን እናሳድገዋለን።"

ኦቦ ጉርሙ የባኮ ሰው ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ከባኮ አዲስ አበባ በቆሎ በኤንትሬ የጭነት መኪና አመላልሷል። ትምህርቱን የጨረሰው በማታ ክፍል ነው፤ መኪናው እስኪጫን ጋቢና ውስጥ እያጠና። በኋላ ወገቡ ታመመና ሐኪም መሪ እንዳይጨብጥ ከለከለው። ለምን መምህር መሆን እንደፈለገ ሲጠየቅ ለሁሉም የተለያየ መልስ ነበረው። ለኮሌጁ ኃላፊ "አገሬን ለማገልገል" አለ። ለክፍላችን ልጆች "ቤት ስውል ሚስቴ ስለሰለቸችኝ... አይ፣ እኔ ስለሰለቸኋት" ይላል። ለእኔ አንድ ቀን የሁሉቃን ወንዝ ድልድይ ስንሻገር፣ ሳልጠይቀው ነገረኝ።

"አንደኛ ክፍል ያስተማረኝ ሰውዬ ስሜን ሲጠራ ደስ ይለኝ ነበር። እቤት የሚጠሩኝ ለሥራ ነው። እሱ የሚጠራኝ መኖሬን ለማወቅ ነው። እንደሱ ሰው መጥራት አምሮኝ ነው።"

በአንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ድስታችን አንድ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ ጴንጤው ኦቦ ጉርሙም ከእኔ ጋር ይጾማል። "ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ በሽሮ ምክንያት ኦርቶዶክስ ልሆን ነው" ይል ነበር። ሸሚዝ መተኮስ፣ ቁልፍ መትከል፣ ድንች ሳይቃጠል መጥበስ ያስተማረኝ እሱ ነው። ጺም መላጨትም እንዲሁ። ላይኛው ከንፈሬ ላይ ጥቂት ጸጉር ማብቀሉን ሳይ በድብቅ ምላጭ ገዝቼ፣ መስታወት ፊት ቆሜ አገጬን ቆረጥኩት። ደም ሲያይ ሮጦ መጣ።

"ምን ልትቆርጥ ፈልገህ ነው?"

"ጺሜን።"

ቀረብ ብሎ አየኝ። "ይህ ጺም አይደለም፤ የበቆሎ ጸጉር ነው። እሸቱ ገና አልደረሰም" አለ። ግን አልተወኝም። ቧንቧው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጦኝ ፊቴን በሳሙና አረፋ ለቀለቀው፤ ምላጩን እንዴት እንደማዘነብል፣ ቆዳዬን በየት በኩል እንደምወጥር እያሳየ አንዷን ጉንጭ እሱ፣ ሌላዋን እኔ ላጨን። ሲያልቅ እጁን አገጬ ላይ አሳርፎ "አሁን ሰው መሰልክ" አለኝ። አባት ያለው ልጅ ይህን ነገር ምንም ላይለው ይችላል። እኔ ግን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍል ስገባ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መስሎኝ ነበር።

እኔም በፋንታዬ እንግሊዝኛ አስጠናው ነበር። የክልሉ ስልክና ኢንተርኔት በተዘጋባቸው ወራት ሌላ መዝናኛ ስላልነበረን ማታ ማታ መጽሐፍ ይዘን እንቀመጣለን። አንድ ቀን "ቢላዋ" የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ "ክናይፍ" ብሎ አነበበው።

"'ናይፍ' ነው። የመጀመሪያዋ ፊደል አትነበብም" አልኩት።

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለች?"

"ዝም ብላ ትቀመጣለች።"

"ደመወዟን እየበላች?" አለ በጣም ተገርሞ። "ይህቺ እንግዲህ የድሮ ረዳቴ ናት። ከባኮ እስከ አዲስ አበባ ከጎኔ ተቀምጦ ያንኮራፋ ነበር።" ከዚያ ወዲህ የማይነበቡ ፊደላትን ሁሉ "ረዳት" እንላቸው ነበር።

እንግሊዝኛውን በሁለተኛው ሙከራ አለፈ። እኔን ደግሞ የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነበር፤ የማስተማር ልምምድ። ከተማው ውስጥ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ተመድበን፣ እያንዳንዳችን ገምጋሚ መምህር በተቀመጠበት አንድ ክፍለ ጊዜ ማስተማር ነበረብን። ይህን የወደቀ መምህር አይሆንም። ቀኑ ሲቃረብ እንቅልፍ አጣሁ፤ ፍራሼን መልሼ ልጠቀልል አስቤም ነበር። ኦቦ ጉርሙ አልመከረኝም፤ ወደ ከተማው መውጫ ዳገት ይዞኝ ወጥቶ ጭነት የያዘ መኪና እያቃሰተ ሲወጣ አሳየኝ።

"አየኸው? ዳገት መሃል ሞተሩ ሊጠፋበት ሲል ነዳጅ አይረግጥም። ማርሽ ይቀንሳል። አንተ ቃሉ ሲይዝህ ትረግጣለህ። ለምን ትረግጣለህ? ቀንስ።"

የልምምዱ ዕለት ሌሎቹ ሠልጣኞች ከኋላ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ስለ ግስ ነበር የማስተምረው። ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና ዞሬ "ዛሬ የምንማረው ስለ ግ... ግ... ግ..." አልኩ። ሞተሩ ጠፋ። ከፊት ያሉ ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ገምጋሚው አንገቱን ደፍቶ መጻፍ ጀመረ። ቀና ስል ኦቦ ጉርሙ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ ግራ እግሩን ወለሉ ላይ ረግጦ፣ በቀኝ እጁ የሌለ ማርሽ ይቀይራል። መሪውንም ይዟል። ሙሉ ጭነት ያለው መኪና እየነዳ ነበር።

ሳቄ አመለጠኝ። ልጆቹም ከእኔ ጋር ሳቁ፤ በእኔ ላይ መሳቅ ሌላ ነው፣ ከእኔ ጋር መሳቅ ሌላ ነው። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ በቀስታ ጀመርኩ። ግስ ወጣ። ከዚያም ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ሁሉም ተከታተለ። ለጥቂት ነው ያለፍኩት፤ ግን አለፍኩ። ንግግር አሁንም ይይዘኛል። ተማሪዎቼ ለምደውኝ ይጠብቁኛል።

ስለ ሌሊሴ ያወቅሁት በዚያው ዓመት ነው። ኦቦ ጉርሙ አንድ ቀን የታሰረ ጩኮ ሰጠኝ፤ ሚስቱ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሠራችው ነው።

"ከእኛ አንድ ዓመት የምትቀድም ሌሊሴ የምትባል ልጅ አለች። አድርስላት። ከባኮ መጣ በላት።"

"ለምን ራስህ አትሰጣትም?"

"እኔ ጁኒየር ነኝ። ሲኒየር ደፍሬ አላናግርም" ብሎ ሳቀ። የጥርስ ሳቅ ነበር።

ልጅቷን ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ አገኘኋት። ረጅም ናት፣ ግንባሯ ሰፊ። ከማን እንደመጣ ስነግራት ግራና ቀኝ አይታ ጩኮውን ፈጥና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ሌላ ሰው ያውቃል?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"አባቴ መሆኑን።"

በአንድ ግቢ እየኖርን፣ በአንድ ድስት እየበላን፣ አንድም ቀን አልነገረኝም። ለካ ኮሌጁን የተቀላቀለ ሰሞን፣ "አባ፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ግቢ ውስጥ አታናግረኝ" ብላ አልቅሳ ለምናው ነበር። እሱም እሺ አለ። በየመንገዱ አንዳንዴ ድንገት ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ሲል አየው ነበር፤ ለካ እሷ ስትመጣ ነው።

ማታ ተናድጄ ገባሁ። "እንዴት ዝም ትላታለህ?" አልኩት።

ሽንኩርት እየከተፈ ነበር። "ተቆጥቼ ነበር" አለ። "ከዚያ አባቴ ትዝ አለኝ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ በበቅሎ መጣና፣ ሳይወርድ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ 'ጉርሙ! ላሚቱ ወልዳለች!' ብሎ ጮኸ። ደስ ብሎት ነዋ። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ 'ላሚቱ' እያሉ ጠሩኝ። እኔም አባቴን ስንት ጊዜ አኮረፍኩት። አሁን ያንን ድምፅ አንዴ ብሰማ አልጠላም።"

"ታዲያ እሷም እስክታረጅ ልትጠብቅ ነው?"

"እሷ እንዳታፍር ብዬ ትምህርቴን አልተውኩም። እሱን ለራሴ አደረግሁ። የቀረውን ለሷ ልተውላት።" የሽንኩርቱን ቢላዋ አስቀምጦ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። "ይህ ሽንኩርት አዲስ ዓለም ነው የተገዛው? የናትህ ሽንኩርት ያስለቅሳል።"

ሌሊሴ የተመረቀች ዕለት እኛ ሁለተኛ ዓመታችንን ጨርሰን አስተናጋጆች ተደርገን ተመድበን ነበር። ኦቦ ጉርሙ ወገቡን ትቶ አግዳሚ ወንበር ይሸከማል። ተመራቂዎቹ ጥቁር ካባቸውን ለብሰው በሰልፍ ቆመዋል። ሌሊሴ ከጓደኞቿ መሃል ነበረች፤ አባቷ ሥራ ስላለበት እንደማይመጣ ለጓደኞቿ ነግራቸው ኖሯል። እናቷ አዴ ጫልቱ ግን ይህን ሁሉ አታውቅም። በማለዳ ከባኮ ተነስታ፣ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ደረሰች። ሜዳው ጫፍ ላይ ቆማ ባሏን ስትፈልግ፣ ወንበር ተሸክሞ ሲያልፍ አየችው። እንደ አገሯ ወግ ባሏን በስሙ አትጠራም፤ በልጁ ነው የምትጠራው።

"አባ ሌሊሴ!" ብላ ጮኸች። ድምፅ ማጉያ ያስንቃል። "አባ ሌሊሴ! ኮቱ አስ! ልጅህ እዚያ ቆማ አንተ ወንበር ትሸከማለህ? ና ወዲህ!"

ሰልፉ ሁሉ ዞረ። በዚያ ዓመት የተመረቀች ሌሊሴ አንዲት ብቻ ናት። ኦቦ ጉርሙ ከነወንበሩ ደርቆ ቀረ። ሲደነግጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዓይኑ ልጁን አልፈለገም፤ መሬት መሬት ያይ ነበር። ከዚያ ወንበሩን አውርዶ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ።

ሌሊሴ ከሰልፉ ወጣች። ከአጠገቧ ያለችው ልጅ እጇን ልትይዛት ሞከረች፤ አላየቻትም። ሜዳውን አቋርጣ መጣችና ካባዋን በአንድ እጇ ሰብስባ የወንበሩን ሌላውን ጫፍ አነሳች።

"አባ፣ ያዘው እንጂ" አለችው።

ተሸክመው እስከ ፊተኛው ረድፍ ወሰዱት። እናቷን አስቀመጠችበት። ጓደኞቿ ተከትለዋት መጥተው ስለነበር ዞር ብላ፣ "አባቴ ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው" አለቻቸው። አንደኛዋ ልጅ "ኦቦ ጉርሙ? ኦቦ ጉርሙ አባትሽ ነው? እድለኛ!" ስትል ሌሊሴ ፊቷን በካባዋ ሸፈነች። ለካ ግቢው በሙሉ ይወደው ነበር፤ ያላወቀችው እሷ ብቻ ናት።

በተከታዩ ዓመት እኛ ስንመረቅ እሷ ማስተማር ጀምራ ነበር። ከባኮ መጥታ እልልታውን ስታቀልጠው እናቷ እንኳ "ኧረ ቀስ!" አለቻት።

እኔ ወንጪ ተመደብኩ። እሱ ባኮ ዳር ካለ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ተሰጠው፤ ለምኖ ነው ያገኘው። አንድ ጊዜ ላየው ሄጄ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ስም ሲጠራ ጊዜ ይወስዳል። "ቶሌራ!" ይላል፤ ልጁ "አለሁ" ሲል ጠጋ ብሎ ያየዋል። "ጥርስህ ወለቀ እንዴ? በየት ጣልከው?" "ሲፈን! ሳልሽ ተሻለሽ?" ክፍለ ጊዜው ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። "ትምህርቱስ?" ብዬ ሹክ አልኩት። "ይደርሳል" አለኝ። ርዕሰ መምህሩ የእሱ ልጆች ከሁሉም ቀድመው ማንበብ እንደቻሉ ነግሮኛል፤ ሥራውን ያውቅበት ነበር።

ያረፈው እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ምሳ እስኪቀርብ ጋደም እንዳለ አልተነሳም። ደም ግፊት ነው አሉ። ባኮ ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር፤ የድሮ ሹፌሮች፣ የበቆሎ ነጋዴዎች፣ መዘምራን፣ የክፍላችን ልጆች። ሙቀቱ ያፍናል። ቀበርነው። ከዚያም ወዲያው ለመመለስ ስላልቻልኩ ሐዘን ቤት ሰነበትኩ። አዴ ጫልቱ ሰው በገባ ቁጥር "የሌሊሴ አባት፣ የሌሊሴ አባት" እያለች ታለቅሳለች።

በሦስተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ሲነሳ፣ አንደኛ ክፍሎች መምህር ስለሌላቸው ከሰኞ ጀምሮ ወደ ቤት እየተመለሱ እንደሆነ ለአንዱ ሽማግሌ በቀስታ ነገረው። ሌሊሴ እዚያው ከተማ ውስጥ በሌላ ትምህርት ቤት ነበር የምታስተምረው። ከለቀስተኞቹ መሃል ተነሳች።

"ነገ እኔ እገባለሁ" አለች።

"አንቺ ልጅ፣ ገና ሐዘን ላይ ነሽ" አሏት ሽማግሌው።

"ነገ እገባለሁ።"

በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ። ዝውውሯ በደንብ የጸደቀላት ከወር በኋላ ነው፤ ያን ቀን ማንም ወረቀት አልጠየቃትም። በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ልጆቹ ያዩዋታል። ከፊት የተቀመጠች ጸጉሯ ሁለት ቦታ የተጎነጎነ ልጅ፣ በኦሮምኛ "አንቺ ማን ነሽ?" አለቻት።

"የባርሲሳ ጉርሙ ልጅ ነኝ" አለች ሌሊሴ። ልጆቹ መምህራቸውን የሚጠሩት እንደዚያ ነው።

ልጅቷ አሰበች። የመምህር ልጅ ትምህርት ቤት የሚመጣው ለመማር እንደሆነ ታውቃለች።

"ከእኛ ጋር ልትማሪ ነው?"

ሌሊሴ ወደ እኔ ዞረች። ከመጣሁ ጀምሮ እንባ ያላየሁበት ዓይኗ ሞልቶ ነበር። መልሳ ወደ ልጅቷ ዞረች።

"አዎ" አለች። "ቦታ ካላችሁ።"

ልጅቷ ደብተሯን ከአጠገቧ ካለው ቦታ አነሳችላት። ሌሊሴ ጉልበቷን አጥፋ በዚያች አጭር ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔም በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።